ፓውዛዬ ላይ አይፒ 65 ይላል፣ ዝናብ ግን ገባበት። ቁጥሩ ምን ማለት ነው?

ጀበና በረንዳ | ማክሰኞ ማታ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። አራት ኪሎ አካባቢ ትንሽ ቡና ቤት አለችኝ፣ ማታ ማታ ሰው በረንዳ ላይ ስለሚቀመጥ ግንቦት ላይ 2 የኤልኢዲ ፓውዛ ገዝቼ ቆርቆሮው ጠርዝ ላይ አስገጠምኩ። ካርቶኑ ላይም ጀርባቸው ላይም አይፒ 65 ይላል፣ ሻጩም "ይሄ ዝናብ ምንም አያረገውም፣ ውሃ ውስጥ ብትከቺው ራሱ ይሰራል" ብሎኝ ነው የገዛሁት። አሁን ሰኔ ገባና ያ ከበረዶ ጋር የጣለው ዝናብ ቀን ማታ ላይ ብሬከሩ ወረደ፣ አነሳዋለሁ ይወርዳል አነሳዋለሁ ይወርዳል፣ ደምበኞቼን በጨለማ አሰናበትኩ። ጠዋት ከስር ሆኜ ሳየው የቀኙ ፓውዛ መስታወቱ ውስጥ ውሃ አቁሯል። የግራው ግን ደረቅ ነው ምንም አልሆነም፣ ሁለቱም በአንድ ቀን ከአንድ ሱቅ የተገዙ ናቸው።

65 የሚለው ቁጥር ራሱ ምንድነው? ተሸወድኩ ወይስ ያልገባኝ ነገር አለ? ሌላ ሱቅ ስጠይቅ 67 ውሰጂ አሉኝ፣ ዋጋው ግን ይጨምራል። ክረምቱ ገና መጀመሩ ነው፣ ነገሩን ሳልረዳ ሁለተኛ ገንዘብ ማውጣት አልፈልግም።

ሜክሲኮ ዙሪያ | 2፡55

ተሸውደሻል እህቴ። ቁጥሩን እኮ ማንም ያትመዋል። ዝም ብለሽ 68 ያለበት ፈልጊ፣ ትልቁ እሱ ነው፣ ትገላገያለሽ።

አምስት ኪሎ 4ኛ ዓመት | 3፡20

68 ግዢ የሚለው ላይ አልስማማም፣ ቁጥሩን ከፈታሁት በኋላ ለምን እንደሆነ ይገባችኋል።

አይፒ ማለት አይኢሲ 60529 የሚባለው ዓለም አቀፍ ስታንዳርድ ውስጥ ያለ ኮድ ነው። መጀመሪያ የወጣው በፈረንጆቹ 1976 ነው፣ አሁን የሚሰራበት ሁለተኛው እትም 1989 ላይ ወጥቶ ከዛ ወዲህ ማሻሻያ ተጨምሮበታል። ቁጥሩን ስልሳ አምስት ብለሽ አታንብቢው፣ ስድስት ለብቻው አምስት ለብቻው ነው። የፊተኛው የሚያወራው ስለ ጠጣር ነገር ነው፣ ከ0 እስከ 6 ይሄዳል። 1 ከሆነ 50 ሚሊ ሜትርና ከዛ በላይ ውፍረት ያለው ነገር አይገባም፣ የእጅ ጀርባ በሉት። 2 ከሆነ 12 ተኩል ሚሊ፣ ጣት ማለት ነው፣ ጣትሽ ውስጥ ያለው ኤሌክትሪክ ጋ አይደርስም። 3 ላይ 2 ተኩል ሚሊ፣ ካቻቢቴ ምናምን፣ 4 ላይ 1 ሚሊ ሽቦ። 5 ሲሆን አቧራ ትንሽ ሊገባ ይችላል ግን ስራ የሚያስተጓጉል ወይ አደጋ የሚያመጣ ያህል አይደለም፣ 6 ሲሆን ጭራሽ አይገባም። የ5 እና የ6 ፈተና በታልክ ፓውደር ነው፣ እቃው ዝግ ሳጥን ውስጥ ይቀመጥና ፓውደሩ ይበተንበታል፣ ለ6 ደግሞ ከውስጡ አየር በፓምፕ እየተሳበ ነው፣ እስከ 8 ሰዓት ሊቆይ ይችላል።

የኋለኛው ቁጥር ውሃ ነው። 1 እና 2 ጠብታ፣ 3 እስከ 60 ዲግሪ አዘንብሎ የሚረጭ፣ 4 ከየትኛውም አቅጣጫ የሚረጭ። 5 ላይ ነው ግፊት የሚጀምረው፣ አፉ 6.3 ሚሊ በሆነ ቱቦ በደቂቃ 12 ተኩል ሊትር፣ ከ2 ተኩል እስከ 3 ሜትር ርቀት ላይ ሆኖ ቢያንስ 3 ደቂቃ ይመታል። ቢጫዋን 20 ሊትር ጀሪካን በአንድ ደቂቃ ተኩል የሚሞላ ቱቦ አስቢው። 6 ግን ሌላ ነው፣ አፉ 12 ተኩል ሚሊ፣ በደቂቃ 100 ሊትር፣ ያቺን ጀሪካን በ12 ሰከንድ የሚሞላት ማለት ነው። 7 ደግሞ 1 ሜትር ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ማስመጥ፣ 8 ከዛ የከበደ ሆኖ ጥልቀቱንና ሰዓቱን አምራቹ ነው የሚናገረው። በኋላ ማሻሻያው ላይ የገባው 9 ደግሞ 80 ዲግሪ የሆነ ሙቅ ውሃ በከፍተኛ ግፊት ከቅርብ ነው፣ እሱ ምግብ ፋብሪካ ውስጥ በየቀኑ ለሚታጠብ ማሽን ነው፣ ለኛ ብዙም አይደለም።

ስለዚህ ሻጩ ውሃ ውስጥ ብትከቺው ያለሽ ስህተት ነው፣ 65 ማስመጥን አልተፈተነም። ዝናብን ግን መቻል ነበረበት።

ሜክሲኮ ዙሪያ | 3፡31

እሺ እሱ ገባኝ፣ ግን ሜትር ሙሉ ውሃ ውስጥ ሰጥሞ ያልገባበት እቃ እንዴት ዝናብ ይገባበታል? 68 ከ65 ይበልጣል በቃ።

ስክሪን ቀያሪ | 3፡50

ወንድሜ እኔ ሞባይል ነው የምሰራው፣ ይሄን ነገር በየዓመቱ ጥር 12 እና 13 ላይ አየዋለሁ። ጥምቀት ላይ ጃንሜዳ ሰው ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል፣ ፀበሉ በቱቦ ከላይ ሲረጭ ስልኩም አብሮ ይመታል፣ ከዛ ለኔ ሲያመጡልኝ ሁሉም የሚሉት አንድ ነው፣ "ይሄ እኮ 68 ነው ውሃ አይነካውም"። ችግሩ 68 ሲፈተን ስልኩ ውሃ ውስጥ ዝም ብሎ ነው የሚቀመጠው። ዝም ያለ ውሃ ክፍተቱን የሚዘጋውን ጎማ በሁሉም በኩል እኩል ይጫነዋል፣ ጎማው ራሱ ቦታው ላይ ይበልጥ ሊጠብቅ ይችላል። ግፊት ያለው ቱቦ ግን በአንድ ጠባብ ቦታ ላይ አነጣጥሮ ነው የሚመታው፣ የስፒከሩን ወንፊት፣ የሲም ካርዱን ጠርዝ። ሁለት የተለያየ ጠባይ ነው።

ሌላው ደግሞ አንዴ የተከፈተ ስልክ ላይ ያ ቁጥር አይሰራም። ስክሪን ወይ ባትሪ ስንቀይር ዙሪያውን ያለው ማጣበቂያ ይበጠሳል፣ አዲስ ማጣበቂያ ብናደርግበት እንኳን እንደ ፋብሪካው ተፈትኖ አይወጣም። እኔ ለደምበኛ ሁሌ እናገራለሁ፣ ከዚህ በኋላ ውሃ የማይችል ስልክ ነው ብለህ ያዘው እላለሁ። ፈተናው ደግሞ በንጹህ ውሃ ነው፣ ሳሙና ያለበት ውሃ፣ የሻወር እንፋሎት፣ ቡና፣ የባህር ውሃ ውስጡ የለም። ሻወር ቤት ይዘው እየገቡ ሙዚቃ የሚሰሙ ልጆች ስልክ ስንት ጊዜ በእርጥበት ተበልቶ እንዳየሁ።

አምስት ኪሎ 4ኛ ዓመት | 4፡05

ትክክል። ስታንዳርዱ ራሱ እንደዛ ነው የሚለው፣ የውሃው ቁጥር እስከ 6 ድረስ ከበታቹ ያሉትን ይጨምራል፣ 5 ያለፈ 4ንም ያልፋል። 7 እና 8 ላይ ግን ሰንሰለቱ ይቋረጣል። ሁለቱንም የሚችል እቃ ሁለቱንም ይጽፋል፣ አይፒ 66/67 ወይ አይፒ 65/68 ተብሎ በእዝባር ተለይቶ። 67 ብቻ የተጻፈበት ግፊት ያለው ውሃ አልተፈተነበትም ብለሽ ነው መያዝ ያለብሽ። ኤክስ ስታይም እንደዛው፣ አይፒ ኤክስ 4 ማለት በአቧራ በኩል አልተገለጸም ማለት ነው፣ ዜሮ ነው ማለት አይደለም፣ ጥሩ ነው ማለትም አይደለም።

ላንቺ በረንዳ 65 ወይ 66 ነው የሚያስፈልግሽ። 67 ለበረንዳ ትርፍ ወጪ ነው።

ካቻቢቴ 25 ዓመት | ረቡዕ ጠዋት 1፡10

ልጆቼ ሁላችሁም የምታወሩት ደህና ነው፣ ነገር ግን ዋናውን ማንም አልጠየቃትም። ልጄ፣ ሁለቱ ፓውዛ አንድ ካርቶን አንድ ሱቅ ከሆኑ አንዱ ጠጥቶ አንዱ ደረቅ የሆነው ለምንድነው? ከፓውዛው ጀርባ የሚወጣው አጭር ገመድ ከዋናው ጋር የተቀጠለው የት ላይ ነው? የቀኙ የት የግራው የት እንደሆነ አይተሽ ንገሪኝ። ስታዪ ግን ብሬከሩን አውርደሽ፣ ሌላ ሰው እንዳያነሳብሽ ነግረሽ፣ መሬቱ ሲደርቅ። እርጥብ መሬት ላይ ቆመሽ ቆርቆሮውን እንዳትነኪ አደራ።

ጀበና በረንዳ | ረቡዕ ቀን 7፡45

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። አየሁት። የግራው ገመድ በግድግዳው ቀዳዳ ወደ ውስጥ ገብቶ ውስጥ ነው የተቀጠለው። የቀኙ ግን ቀዳዳው ስለራቀ ልጁ እዛው ቆርቆሮው ስር ውጪ ቀጥሎ በናስትሮ ጠቅልሎታል። ናስትሮው ላላ ብሏል፣ ስፈታው ውስጡ እርጥብ ነው፣ መዳቡ አረንጓዴ ሆኗል። ቅጥያው ከፓውዛው ከፍ ይላል። ይሄ ነገር ፓውዛው ውስጥ ካለው ውሃ ጋር ይገናኛል እንዴ?

ካቻቢቴ 25 ዓመት | 8፡30

ይገናኛል እንጂ። የኩራዝ ክር ታውቂያለሽ አይደል፣ ከስር ያለውን ላምባ እየሳበ ላይ ያደርሰዋል። ገመድ ውስጥ ያለው መዳብ አንድ ወፍራም ሽቦ ሳይሆን ብዙ ቀጫጭን ክር ነው፣ በክሮቹ መሃል ክፍተት አለ፣ ውሃ በዛ ክፍተት እየተሳበ በፕላስቲኩ ውስጥ ለውስጥ ይሄዳል። ያንቺ ደግሞ ቅጥያው ከላይ ፓውዛው ከታች ስለሆነ ስበቱም አግዞታል። ውሃው በመስታወቱ በኩል አልገባም፣ በጎማውም አልገባም፣ በገመዱ ሆድ ውስጥ አልፎ ነው የገባው። በዚህ ስራ ብዙ ጊዜ ያየሁት ነገር ነው፣ ሰው ፓውዛውን ሰድቦ ይጥላል፣ አዲሱን አምጥቶ በዛው ናስትሮ ይቀጥላል፣ በሁለት ሳምንት ያው ይሆናል።

ፓውዛውን ለሚችል ሰው ስጪና ይክፈተው። የመስታወቱ ጎማ ደረቅና ንጹህ ሆኖ ገመዱ የሚገባበት ጋ የውሃ መስመር ካለ እኔ ያልኩሽ ነው።

ሜክሲኮ ዙሪያ | 8፡52

ይሄን አላውቅም ነበር ጋሼ። ተሸውደሻል ያልኩት ላይ ይቅርታ እህቴ፣ ፈጥኜ ነው የተናገርኩት።

አምስት ኪሎ 4ኛ ዓመት | 9፡40

ጋሼ ያሉት ላይ ልጨምር፣ የሚስበው የክር ጠባይ ብቻ አይደለም፣ የኛ ከተማ አየርም ያግዛል። ክረምት ላይ አዲስ አበባ ቀኑ እንዴት እንደሆነ አስቡት፣ እስከ 7 ሰዓት ፀሐይዋ ትለበልባለች፣ ጥቁር የአሉሚኒየም ፓውዛ ቆርቆሮ ጠርዝ ላይ ሆኖ ውስጡ 50 ዲግሪ ቢደርስ አይገርምም። 8 ሰዓት ላይ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ይጥላል፣ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ 15 ዲግሪ ይወርዳል። ውስጡ የታሰረው አየር ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ወደ 11 በመቶ ይቀንሳል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየር ግፊቷ 76 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ነው፣ ስለዚህ ልዩነቱ 8 ኪሎ ፓስካል ይሆናል፣ ሳጥኑ ፍጹም ዝግ ነው ብለን ካሰብን። 8 ኪሎ ፓስካል ማለት 80 ሳንቲ ሜትር ውሃ የሚስብ ጉልበት ነው! የአቧራው ፈተና ላይ አየር የሚሳበው ቢበዛ በ2 ኪሎ ፓስካል ነው። ማለት ፀሐይና ዝናብ ተባብረው ጎማውን ከፈተናው በላይ ይጎትቱታል፣ ያ ሁሉ ስበት ደግሞ የሚሄደው ክፍት ወደሆነው በር ነው፣ ያንቺ ክፍት በር ያ እርጥብ ቅጥያ ነበር።

ለዚህ ነው ጥሩ የውጪ መብራቶች ላይ ትንሽ ክብ መተንፈሻ የሚደረገው፣ አየር ታሳልፋለች ውሃ አታሳልፍም።

ካቻቢቴ 25 ዓመት | 10፡15

ሂሳቡን አላውቀውም ነበር ነገሩን ግን በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ ጥብቅ ተደርጎ በሲሊኮን የተለበጠ ቦክስ ከፍቼ ግማሹን ውሃ አግኝቻለሁ። ስለዚህ እኔ የውጪ ጀንክሽን ቦክስ፣ ገመድ የሚቀጠልበትን ሳጥን ማለቴ ነው፣ ስገጥም ከታች 5 ሚሊ ቀዳዳ እበሳለሁ፣ የገባው ይውጣ ብዬ።

አምስት ኪሎ 4ኛ ዓመት | 10፡28

ጋሼ በክብር ነው የምለው፣ ቀዳዳው ከተበሳ ያ ቦክስ 65 መሆኑ ቀረ። 5 ሚሊ ቀዳዳ ሽቦ ያስገባል፣ አቧራማ ነገር ያስገባል፣ ጉንዳን ራሱ ይገባል። የፊተኛው ቁጥር ወደ 2 ይወርዳል።

ካቻቢቴ 25 ዓመት | 10፡41

ልክ ነህ ልጄ ቁጥሩ ይወርዳል። ግን ቁጥሩን ጠብቄ ቦክሱ ኩሬ ከሚሆን ቁጥሩ ወርዶ ደረቅ ቢሆን እመርጣለሁ፣ ጣራ ስር እስከሆነና ቀዳዳው ወደታች እስከሆነ ድረስ። አንዳንድ ቦክስ ላይ አምራቹ ራሱ ከታች ስስ አድርጎ ምልክት ያደረገበት ቦታ አለ፣ ለዚሁ ነው። ሜዳ ላይ ዝናብ በቀጥታ የሚመታው ወይ መሬት ላይ ከስር ውሃ የሚፈናጠርበት ከሆነ ግን አልበሳም፣ እዛ ጋ ያንተ መተንፈሻ ይሻላል።

አምስት ኪሎ 4ኛ ዓመት | 10፡47

እዚህ ላይ ተስማማን ጋሼ። ምልክት ከሌለው ግን እኔ አሁንም አልበሳም።

ግራይንደር | ማታ 1፡20

ሁላችሁም ስለ ውሃ ነው፣ እኛ ብረት ቤት ያለነውን የሚገድለን አቧራው ነው። በርና መስኮት ነው የምንሰራው። የመቁረጫው ማብሪያ ቦክስ 54 ነበር፣ አቧራ ትንሽ ይገባል ግን ስራ አያስተጓጉልም የሚለው ያ 5 ማለት ነው አይደል። በ8 ወር ውስጥ ብልጭ ብሎ ተቃጠለ። ስንከፍተው ውስጡ ጥቁር ዱቄት ነው።

አምስት ኪሎ 4ኛ ዓመት | 1፡45

ወንድሜ ፈተናው በታልክ መሆኑን እዚህ ጋ ነው ማስታወስ ያለብህ። ታልክ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ያንተ ብናኝ ብረት ነው፣ ያስተላልፋል፣ ትንሹም ይበቃዋል። ላንተ የፊተኛው ቁጥር 6 ካልሆነ ዋጋ የለውም። ሲሚንቶና ጄሶ ያለበት ቦታ ደግሞ፣ አሁን መሃል ከተማው ሁሉ እየፈረሰ እየተሰራ አይደል፣ አቧራው ደረቅ እያለ ያን ያህል አይጎዳም፣ ማታ ጤዛ ሲያርፍበት ግን እርጥበት ይይዝና ኤሌክትሪክ ማሳለፍ ይጀምራል፣ መዳቡንም ይበላዋል።

ግራይንደር | 1፡58

አሃ። ሌላ ጥፋት ደግሞ አለን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ማሽኑን በኮምፕሬሰር ነው የምናጸዳው።

ካቻቢቴ 25 ዓመት | 2፡10

እሱን ተዉት። አየሩ ብናኙን በጎማው ስር ወደ ውስጥ ነው የሚነዳው። ኤሌክትሪኩን አጥፍታችሁ በብሩሽ ጥረጉ፣ ቦክሱ ያለበትን በጨርቅ። መኪና እጥበት ቤትም እንደዛው ነው፣ የፓምፑን ማብሪያ በዛው ግፊት ባለው ውሃ እያጠቡት "65 ነው እኮ" ይላሉ፣ ከአንድ ስንዝር ርቀት በማሽን የሚረጭን 65 መች ፈተነው።

የልደታ ኮንዶሚኒየም | 2፡35

ይቅርታ ክሩን ልጠልፍ አይደለም ግን ሻወር ቤት ሂተር ልናስገጥም ነው፣ ትንሿን ወዲያው የምታሞቀዋን፣ ላይዋ ላይ አይፒ ኤክስ 4 ይላል። ባለቤቴ ቁጥሩ ትንሽ ነው ይላል። ልጆች አሉን።

አምስት ኪሎ 4ኛ ዓመት | 2፡50

እህቴ ለዛ ቦታ ኤክስ 4 ትክክለኛው ነው። የመታጠቢያ ቤት ስታንዳርዱ ክፍሉን በዞን ነው የሚከፍለው፣ ውሃው ራሱ የሚጠራቀምበት ገንዳ ውስጥ ከሆነ ኤክስ 7 ይጠይቃል፣ ከዛ በላይ እስከ 2.25 ሜትር ከፍታ ድረስ ያለው ቢያንስ ኤክስ 4፣ ከዚያም ጎን 60 ሳንቲ ሜትር እንደዛው። መደበኛ የቤት ሶኬት ግን 20 ነው፣ የኋለኛው ዜሮ ነው፣ ለጣት እንጂ ለውሃ አልተሰራም፣ እዛ አካባቢ እንዳታስገጥሙ።

ካቻቢቴ 25 ዓመት | 3፡05

ልጄ፣ ስለ ቁጥሩ ልጁ በደንብ ነገረሽ፣ እኔ የምጨነቀው ለሌላው ነው። ቁጥሩ ውሃ እንዳይገባ ነው፣ ከገባ በኋላ ሰው አያድንም። ሰው የሚያድነው ኧርዙ፣ ማለት ወደ መሬት የሚወርደው ሽቦ፣ እና 30 ሚሊ አምፔር የሆነው አርሲዲ ነው፣ ኤሌክትሪክ ሲያፈስ ወዲያው የሚቆርጠው። ተራ ብሬከር ሽቦው እንዳይቃጠል ነው የተሰራው፣ በሰው ገላ ለሚያልፈው አይወርድም። ግጠሙልኝ የምትሉትን ሰው መጀመሪያ ኧርዙ መኖሩን ለክቶ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት፣ ሶኬቱ ላይ ሶስተኛው ቀዳዳ አለ ማለት ከኋላው ሽቦ ታስሯል ማለት አይደለም። ኧርዝ ከሌለ ሂተሩን ለጊዜው ተዉት። ይሄን እየለመንኩሽ ነው።

የልደታ ኮንዶሚኒየም | 3፡12

እሺ ጋሼ፣ ሳናስለካ አናስገጥምም። እግዜር ያክብርልኝ።

ዝም ብዬ አንባቢ | ሐሙስ ጠዋት 3፡00

ስጠይቅ የነበረው ሁሉ ተመለሰ፣ አንድ ብቻ ቀረኝ። ከካሳንቺስ ነኝ፣ ግቢ ውስጥ የሮቶው ጎን የውሃ ፓምፕ አለኝ፣ 44 ይላል ዲናሞው ላይ። ሜዳ ላይ ነው ያለው። ሌላው ደግሞ በረዶ ቢሰብረው በየትኛው ቁጥር ይታወቃል?

አምስት ኪሎ 4ኛ ዓመት | 3፡25

44 ላይ የሚረጭ ውሃ ይችላል ጎርፍ አይችልም። ከመሬት ከፍ አድርገህ ብሎኬት ላይ አስቀምጠው፣ ከላይ ቆርቆሮ ጣልበት፣ ጎኑን ግን አትዝጋው፣ ዲናሞው አየር ይፈልጋል። በረዶው በአይፒ ውስጥ የለም፣ ለምት የራሱ ኮድ አለው፣ አይኬ ይባላል፣ አይኬ 08 ላይ 5 ጁል፣ አይኬ 10 ላይ 20 ጁል ምት ይችላል። ፀሐይም በአይፒ ውስጥ የለችም፣ ዝገትም የለም። ፈተናው በአዲስ እቃ ላይ ነው የሚደረገው፣ እዚህ ከፍታ ላይ ፀሐይ ጎማውንና ፕላስቲኩን በጥቂት ዓመት ታደርቀዋለች፣ ቁጥሩ ግን ጀርባው ላይ እንደተጻፈ ይኖራል።

ሜክሲኮ ዙሪያ | 3፡40

ሱቅ ውስጥ ቆመን የውሸት ቁጥሩን በምን እንለይ?

ካቻቢቴ 25 ዓመት | 4፡10

ሙሉ በሙሉ አትለየውም፣ ግን ብዙው በእጅ ይታወቃል። ገመዱ የሚገባበትን እይ፣ ግላንድ፣ ገመዱን ዙሪያውን የሚጨብጠው ባለጎማ ማጥበቂያ፣ አለው ወይስ ቀዳዳው ላይ ሲሊኮን ተለጥፎበት ነው? ገመዱን ያዝ አድርገህ ስበው፣ ከተንቀሳቀሰ ተወው። የመስታወቱ ጎማ ዙሪያውን ሳይቆረጥ አንድ ወጥ መሆን አለበት፣ አራት ቁራጭ ተገጣጥሞ ማዕዘኑ ላይ ክፍተት ካለ ውሃ እዛ ነው የሚገባው። ብሎኑ አራት ብቻ ሆኖ መስታወቱ ሰፊ ከሆነ መሃሉን አይጨብጠውም። አምራቹ ስሙን ያልጻፈበት እቃ ላይ ያለውን ቁጥር አልቀበልም፣ ቢጎድል የሚጠየቅ የለውማ።

ጀበና በረንዳ | እሁድ ማታ 1፡30

ተመለስኩ። ፓውዛውን ሰፈር ያለ ልጅ ከፈተው፣ ጋሼ እንዳሉት ነው፣ የመስታወቱ ጎማ ዙሪያውን ንጹህ፣ ገመዱ የሚገባበት ጋ ግን ከሽቦው ጫፍ ጀምሮ የወረደ የውሃ መስመር አለ፣ አረንጓዴ ሆኖ። የውስጡ ሰርኪዩት ተቃጥሏል፣ አይድንም። ሻጩ ጋ ሄጄ ልጨቃጨቅ ተዘጋጅቼ ነበር፣ ተውኩት፣ ውሃ ውስጥ ክተቺው ያለው ትክክል እንዳልነበር ግን ሄጄ በሰላም ነገርኩት፣ ሌላ ሰው አምኖት ፏፏቴ ውስጥ ቢከተውስ።

አዲስ የገዛሁት ያው 65 ነው። ገመዱ እንዳይቀጠል ረጅም ክብ ኬብል አስደረግኩ፣ ግን ቀዳዳው አሁንም ሩቅ ስለሆነ አንድ ቅጥያ ውጪ መቅረቱ አልቀረም፣ እሱን ጎማና ግላንድ ባለው ቦክስ ውስጥ አስገባሁት። ገመዱ የሚገባው ከስር ነው፣ ከመግባቱ በፊት ወደታች ሆድ ሰጥተነዋል፣ ውሃው እዛ ጋ እንዲንጠባጠብ። አርሲዲም አስገጠምኩ። ሐሙስም አርብም ትናንትም ዘንቧል፣ ብሬከሩ አልወረደም፣ ቦክሱን ዛሬ አጥፍቼ ከፈትኩት ደረቅ ነው።

ካቻቢቴ 25 ዓመት | 2፡00

ጎበዝ ልጄ። ግላንዱ ስንት ነው፣ ገመዱስ? የድሮው ጠፍጣፋ ገመድ ከሆነ ግላንድ አይጨብጠውም፣ በሁለቱ ጎኑ ክፍተት ይተዋል።

ጀበና በረንዳ | 2፡08

ክብ ነው ጋሼ፣ ለክቼዋለሁ 9 ሚሊ ነው። ግላንዱ ኤም 20 ነው፣ ከ6 እስከ 12 ይላል።

ካቻቢቴ 25 ዓመት | 2፡11

ልክ ነው። መስከረም ላይ አንዴ ከፍተሽ እይው፣ ግላንዱንም ካላላ አጥብቂው።